2000 ዓ.ም፣ የኛ ሚሌኒየም

ካየኋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ 2000 ዓ.ም የምወደው የለም። ገና ሲጀምር እንቁጣጣሽና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገቡ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ወሎዬ ያውቀዋል፣ አንዱ ለሌላው እንኳን አደረሰህ ሲል ነው የሰነበተው። መስከረም 19 ኃይሌ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:04:26 ጨርሶ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። በመሀል ኑሮ ተወደደ፣ የጤፍ ዋጋ ሰዉን አስጨነቀው፣ እሱም የዓመቱ ዜና ነበር።

ነሐሴ ግን ሌላ ነው! ቤጂንግ ኦሎምፒክ፣ ነሐሴ 9 ጥሩነሽ 10 ሺውን በ29:54.66 ወሰደች፣ ነሐሴ 11 ቀነኒሳ በወንዶቹ ደገመው፣ ከዛ ነሐሴ 16 መጣ፣ የፍልሰታ በዓል ነው፣ ላስታ ላሊበላ ሴቶቹ አሸንድዬ የሚጫወቱበት ቀን፣ ደግሞ ዓርብ ስለነበር ከጁምዓ የወጣውም ከቤተክርስቲያን የመጣውም ከሰዓት አንድ ቲቪ ስር ተሰብስቦ ጥሩዬ 5 ሺውንም ስትወስድ እልልታው ቀለጠ። በአንድ ኦሎምፒክ ሁለቱንም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት፣ ይሄ በደንብ የተነገረላት አይመስለኝም። በማግስቱ ቀነኒሳም 5 ሺውን ጨመረ፣ አራት ወርቅ በሁለት ሰው!

ዓመቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ነሐሴ 29፣ በፋሺስት ጣሊያን ተወስዶ የነበረው 24 ሜትሩ የአክሱም ሐውልት ቦታው ላይ ቆሞ ተመረቀ። በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።