የየትኛው ቁና?

በ1986 ዓ.ም. የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆኜ መረጃ ለመሰብሰብ ጎጃም ሄድኩ፤ የትመን የምትባል መንደር። ጥናቱን የሚያካሂደው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር። በ15 የገበሬ ማኅበራት ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እየተመላለሰ የሚጠይቅ ጥናት ነው። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ እነዚያኑ ቤተሰቦች ተከታትሏል። እኔ ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው መጠይቁ ወፍራም መሆኑን፣ የቀን አበሉም እንደሚያስፈልገኝ ነበር።

መደብ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አሉ። «አባባ፣ ዘንድሮ ስንት ቁና ጤፍ አገኙ?» አልኳቸው።

«የየትኛው ቁና?»

ቁና ቁና ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጃቸውን ጠርተው ሁለት ቁና አስመጡ። አንደኛው ያረጀ፣ አፉ ሰፋ ያለ፤ ሌላው አዲስ፣ ጠበብ ያለ። «ይኼ የምንበዳደርበት፣ ይኼ የገበያው» አሉኝ። በትልቁ ከጎታው ጤፍ ቀድተው እስኪፈስ ከመሩት። ቀጥለው ክምሩን በመዳፋቸው ጠረጉት። «ተከምሮ ነው ተጠርጎ? እሱንም ንገረኝ እንጂ ልጄ።» መጠይቁ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፍኩ።

ያ ነገር ከዓመታት በኋላ ዞሮ መጣብኝ። ማስተርሴን ጨርሼ፣ በመካከሉ ናይሮቢ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ጋር ተምሬ፣ ለዶክትሬት ስዊድን ጎተንበርግ ገባሁ። የምርምሬ ጉዳይ የአነስተኛ ገበሬ ምርታማነት ነበር። መረጃውን ኢትዮጵያ ተመልሼ ራሴ ሰበሰብኩ። ሁሉንም ቁና በአንድ ልክ፣ በ5 ኪሎ መነዘርኩት። ውጤቱ አማረ፤ ለገበያ ቅርብ የሆነ ገበሬ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ የበለጠ ያመርታል ይላል። ደስ ብሎኝ ምዕራፉን ጻፍኩ።

አንድ ሌሊት ግን አዛውንቱ ትዝ አሉኝ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በቀጣዩ ክረምት የእጅ ሚዛን ገዝቼ ተመለስኩ። በየሰፈሩ ቁና ላይ ጤፍ እያስሞላሁ መዘንኩ። ገበያ ዳር ያለው ቁና ትንሽ ነበር። ልዩነቱ ከኪሎ በላይ ነው። ቁናው ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል፤ የእኔም «ምርታማ ገበሬ» የተገኘው ከዚያ ነው። በትክክለኛው ክብደት ሳሰላው ውጤቱ ጠፋ። ምዕራፉን ከሥሩ እንደገና ጻፍኩት። ስድስት ወር ፈጀብኝ። ዛሬም የማምንበት ያንን ሁለተኛውን ነው።

ጥማድም እንደዚሁ ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነው እንጂ በሜትር የተቆረጠ አይደለም። መረሬ አፈር ላይና ቀላል አፈር ላይ አንድ አይሆንም፤ በሬው ሲከሳም ይለያል።

ሌላው የተማርኩት ገበሬ ምርቱን አሳንሶ ሲናገር ውሸታም ብሎ አለመቸኮልን ነው። በደርግ ጊዜ እህል በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይወሰድ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። እኔ መጠይቅ ይዤ ስሄድ ገና አራት ዓመቱ። ደብተር ይዞ «ስንት አገኙ?» የሚል ሰው መጥቶ ገበሬውን ሳይጎዳ ተመልሶ አያውቅም። ስለዚህ ምርቱን ቀድሜ መጠየቅ ተውኩ። ስለ በሬው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ቡና ይፈላል። እህሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ማስተማር ስጀምር ሌላ ነገር ገጠመኝ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ኢንሹራንስ ሳስተምር «አድቨርስ ሰሌክሽን» እላለሁ፣ አደጋ የቀረበበት ሰው ይበልጥ ወደ ኢንሹራንሱ ይመጣል ለማለት፤ ተማሪው ይጽፋል፤ ዓይኑ ግን ባዶ ነው። አንድ ቀን እንግሊዝኛውን ተውኩና «ሰፈራችሁ ያለው እድር ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ለምን ብዙ መመዝገቢያ ያስከፍላል?» አልኳቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ «እናቱ ስትታመም ሊገባ ይችላላ!» አለች። በቃ፣ ገብቷቸዋል። ቀብር ላይ ላልተገኘ ለምን ቅጣት እንዳለ ደግሞ ራሳቸው ተከራክረው ጨረሱት። ይህን ሁሉ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ሰምተው አድገዋል። ስሙን ብቻ ነበር የማያውቁት።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው የቤት ሥራ መርካቶ ነው። እህል በረንዳ ሄደው የነጭ፣ የሰርገኛና የቀይ ጤፍ ዋጋ ይጠይቃሉ። በጥርም በሐምሌም። በጥር ረከስ ይላል፣ በሐምሌ ይወደዳል። «ታዲያ ገበሬው ለምን በጥር ይሸጣል?» ብለው ይመጣሉ። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ግብር አለ፣ ሠርግ አለ፤ ሁሉም የሚመጣው ከአጨዳ በኋላ ነው። ሐምሌን መጠበቅ የሚችለው ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለው ነው። በእኔ እምነት ይህን በራሱ እግር ሄዶ ያየ ተማሪ ስለ ብድር ገበያ የሚነግረውን ሞዴል በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ባለፈው ዓመት የማማክራት የማስተርስ ተማሪ ከመስክ ደወለችልኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «መምህር፣ እዚህ ሰፈር በቁና አይደለም፣ በጣሳ ነው የሚሰፍሩት። ጣሳውም ሁለት ዓይነት ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሚዛን ይዘሻል?» አልኳት።

ይዛ ነበር።