አማቴ፣ የቪክቶሪ ደወል እና አንድ ሳህን ሙሉ እንቁላል

ሞዴል መርከብ እሰራለሁ ስል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ምሰሶውና ሸራው ነው። እሱማ ምን አለበት፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ቢወድቅ እንኳ ጎንበስ ብለህ ታነሳዋለህ። ሰው የሚያሳብደው ዴኩ ላይ፣ ማለትም የመርከቧ ወለል ላይ፣ የሚደረደረው ኮተት ነው። መልህቁ፣ ፑሊው፣ ቀለበቱ፣ ገመድ የሚጠመጠምባቸው ችንካሮች፣ ፋኖሱ፣ ደወሉ። እውነተኛዋ መርከብ ላይ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው እቃ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ በትንፋሽ ይበራል። የምሬን ነው፣ እኔ ስሰራ ማስነጠስ የፈለገ ሰው ኮሪደር ይወጣል።

አሁን የያዝኩት ቪክቶሪን ነው፣ የእንግሊዞቹን የጦር መርከብ፣ በ1 ለ100። በ1759 እ.ኤ.አ. ግንባታዋ ተጀምሮ በ1765 ውሃ የነካችው፣ አድሚራላቸው ኔልሰን በ1805 በትራፋልጋር የባህር ውጊያ ላይ የሞተባት፣ ዛሬም እንግሊዝ አገር ፖርትስመዝ ቆማ የምትጎበኘው። 1 ለ100 ማለት ያው 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ 17 ሚሊ ሆኖ ቁጭ ይላል ማለት ነው። 40 ሳንቲ የሆነ የገመድ ችንካር 4 ሚሊ ይሆናል፣ እሱንም በሞረድ ወገብ ታወጣለታለህ። ይቺ ሴትዮ ደግሞ 104 መድፍ ነበራት፣ እያንዳንዱ መድፍ ሲተኮስ ወደኋላ እንዳይፈረጥጥ የሚይዘው ወፍራም ገመድ አለው፣ ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ መልሰው ወደ መስኮቱ የሚጎትቱበት ገመድ ከነፑሊው፣ ገመዱ የሚታሰርበት ቀለበት፣ ምናምን። ታች ያሉት መድፎች አፋቸው ብቻ ነው ብቅ የሚለው፣ ስለዚህ ጤነኛ ሰው የውስጡን አይሰራም። ሚስቴ "ማን ሊያየው ነው?" ስትለኝ "እኔ አውቀዋለሁ" እላታለሁ፣ እሷም አየት አድርጋኝ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ ብዙ ነገር ይናገራል።

ቅዳሜ ነው። አማቴ ለምሳ ይመጣሉ ተብሏል። ከመምጣታቸው በፊት ጠረጴዛው ነጻ መሆን አለበት፣ እኔም እሺ ብያለሁ፣ ትንሽ ነገር ብቻ ቀርታኝ ነበር። (ይሄን ስፖርት የምታውቁ "ትንሽ ነገር ብቻ" የምትለዋ ቃል ስንት ትዳር እንዳናጋች ታውቃላችሁ።)

መጀመሪያ ቀለበቶቹ። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የመዘዝኩትን ቀጭን የመዳብ ሽቦ መርፌ ላይ ጠምጥሜ፣ ቆራርጬ፣ በቃ አንድ ብልቃጥ ክዳን ሙሉ ቀለበት አለኝ፣ ግን መዳቡ ያብረቀርቃል፣ የጦር መርከብ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ የብረት ቀለበት አይገባም፣ መጥቆር አለበት። ቀለም ከቀባኸው ቀዳዳው ይደፈናል። ስለዚህ ፖታሲየም ሰልፋይድ የሚባል ነገር ለብ ባለ ውሃ በጥብጠህ ትነክረዋለህ፣ መዳቡ ራሱ ከሰልፈሩ ጋር ተዋህዶ ይጠቁራል፣ ውጤቱ በጣም ነው የሚያምረው። አንድ ችግር አለው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የሚመስል አይደለም የምላችሁ፣ ራሱ ጋዙ ነው፣ የገማ እንቁላል ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ። እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ሰው ነኝ፣ ሳህኑን መስኮቱ ውጪ ደፉ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ነፋሱ ፊቱን ወደ ቤት እንደሚያዞር ማን ነገረኝ?

እሱ እስኪጠቁር ምሰሶ የሚወጥሩትን ክብ እንጨቶች ይዤ ቁጭ አልኩ። እነዚህ ሦስት ቀዳዳ ያላቸው፣ ሁለት ከላይ አንድ ከታች፣ የደነገጠ ሰው ፊት የሚመስሉ ጉዶች ናቸው፣ በሁለት እንጨት መሀል ገመድ እየተመላለሰ ምሰሶውን ቀጥ አርጎ ይይዘዋል። እኔ ጋ ስፋታቸው 3 ሚሊ ነው፣ ቀዳዳው በ0.5 ሚሊ ፑንታ (መብሻ)፣ ፑንታዋ ደግሞ ክፉ ዓይን ካያት ትሰበራለች። ክሩ በቀዳዳው እንዲያልፍ ጫፉን ሱፐር ግሉ ታስነካውና ይደርቃል፣ እንደ መርፌ ይገባልሃል። እና ይሄን ሳደርግ ነው በሩ የተንኳኳው።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በእርጥበት መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የአየሩ እርጥበት ይበቃዋል፣ የሰው ጣት ደግሞ ከአየሩ የበለጠ እርጥብ ነው። ለዚህ ነው እንጨትና ክር ለማያያዝ ሲለመን የሚውለው ሙጫ ጣት ሲያገኝ ጊዜ የማያባክነው። በሩ ሲንኳኳ ደንገጥ አልኩ፣ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ተሳሙ፣ በመሀላቸው ያ የደነገጠ ፊት አለ፣ ክሩ ተንጠልጥሏል። ሚስቴ ጥጥ ይዛ ልትጠርገኝ ስትሮጥ "ጥጥ አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ፣ ምክንያቱም ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ ይግላል፣ ከበዛ ሊያጨስም ይችላል፣ ግን ይሄን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም፣ አማቴ ደግሞ በሩ ላይ ሆነው የሰሙት የመጀመሪያ ነገር አማቻቸው በልጃቸው ላይ ሲጮህ ነው።

"ደህና ዋላችሁ?" አሉ፣ ቀዝቀዝ ብለው።

"እንኳን ደህና መጡ እማማ!" ቀኝ እጄን ከኋላዬ ደብቄ በግራዬ ልጨብጣቸው። አዩኝ። ግራ እጄን አዩ። ልጄ ደግሞ ከኋላዬ "አያቴ፣ አባዬ ጣቱ ተጣብቋል፣ መርከብ አለበት" ብላ ሁሉን ነገር ዘረገፈችው። ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ጣቴን ነክሬ፣ በኋላም የሚስቴ አሴቶን ተጨምሮበት ቀስ እያለ ለቀቀኝ፣ ያቺ የደነገጠች እንጨት ግን እስከ ማታ ድረስ አውራ ጣቴ ላይ ቀረች።

እኔ መታጠቢያ ቤት ሆኜ ጣቴን ሳስለቅቅ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። አማቴ እንደገቡ አፍንጫቸውን ቀስረው ወደ ኩሽና ሄዱ። ሴትዮዋ ሰው ፊት "ቤታችሁ ይሸታል" የሚሉ አይደሉም፣ ጨዋ ናቸው፣ ዝም ብለው ችግሩን መፍታት ነው የሚወዱት። ፍሪጁን ከፍተው እንቁላሎቹን አወጡ፣ የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ እየሰበሩ ያሸቱ ጀመር። ይሰብራሉ፣ ያሸታሉ፣ "ይሄ ደህና ነው"፣ ሳህን ላይ። ሌላውን ይሰብራሉ፣ "ይሄም ደህና ነው"። እኛ ስንደርስ ትልቁ ሳህን በእንቁላል ተሞልቶ፣ ባዶው የእንቁላል ካርቶን ከጎኑ ተቀምጦ፣ አማቴ በጣም ግራ ተጋብተው ቆመዋል።

"ልጄ፣ አንዱም አልተበላሸም፣ ሽታው ግን አለ።"

ሚስቴ አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ሄጄ ሳህኑን አነሳሁት። ቀለበቶቹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቁረታቸው እንዲህ አምሮ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ግን ደወሉ አለ።

እስቲ ስለ ደወሉ ላውራ፣ ስለሱ ሳወራ እንኳ ደስ ይለኛል። የመርከብ ደወል ሰዓት ነው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይደወላል፣ መጀመሪያ አንድ፣ ከዛ ሁለት፣ እያለ አራት ሰዓት የሚቆየው የጥበቃ ተራ ሲያልቅ ስምንት ይደርሳል። ይሄን ለሚስቴ ነግሬያት ነበር፣ ከዛ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ስቆይባት ከኩሽና ሆና "ስምንት ተደውሏል!" ትለኛለች። አፉ 40 ሳንቲ የሆነ ደወል እኔ ጋ 4 ሚሊ ነው። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ቶርኖ የለኝም፣ ትራፓኖውን ሞርሳ ላይ አስሬ የነሐስ ዘንጓን እሱ ላይ እነክሳታለሁ፣ እሷ ስትሽከረከር በቀጭን ሞረድ ወገቧን ማውጣት፣ ከንፈሯን ማስተካከል፣ ከዛ ብርጭቆ ወረቀት። ውስጧን ሳትቆርጣት በፊት ነው የምትቦረቡረው፣ ከተቆረጠች በኋላ የሚይዝልህ የለም። አናቷ ላይ ማንጠልጠያ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ውስጧ ደግሞ ከፀጉር ቀጠን ያለች ሽቦ ጫፏ ላይ የሙጫ ጠብታ፣ ምላሷ ናት። እሷን አላጠቆርኳትም፣ የመርከብ ደወል እየተወለወለ ነው የሚኖረው፣ ስታበራ ነው የሚያምርባት። ስትጨርሳት መዳፍህ ላይ አርገህ ብርሃን ላይ ስታያት፣ በቃ፣ ሰው የሆንክ ይመስልሃል።

ከምሳ በኋላ አማቴ ሶፋው ላይ ሹራባቸውን ለብሰው ሻይ ይጠጣሉ፣ ያቺ ወፍራም፣ በእጅ የተሰራች፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ሹራብ። ነገሩን ላለዝብ፣ ከእንቁላሉ በኋላ ትንሽ ክብር ላስመልስ ብዬ "እማማ፣ ላሳይዎት" አልኩና ደወሏን በወረንጦ አንስቼ ወደሳቸው ተጠጋሁ። ወረንጦና ክብ ነገር አይስማሙም፣ ጎኗ ተዳፋት ነው፣ ጠበቅ ባደረግካት ቁጥር ወደፊት ትንሸራተታለች፣ ከዛ ጫፉ ሲገናኝ ጥይት ትሆናለች። ጭክ አለ። ወረንጦው ባዶ ነው።

ይሄን ስራ የሚሰራ ሰው በዚህ ጊዜ አይንቀሳቀስም። ይሰማል። እቃው ወለል ከነካ ጢን ይላል፣ ከድምፁ አቅጣጫውን ታውቃለህ። ዝም ብዬ ሰማሁ። ምንም የለም። ምንም!

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" አልኩ።

አማቴ የሻይ ስኒው አፋቸው ጋ እንደደረሰ ቀሩ። ሚስቴ በሩ ላይ፣ አንድ እግሯ አየር ላይ። ልጄ ብቻ በደስታ ወለሉ ላይ ተነጥፋለች፣ የለመደችው ነው፣ ባትሪውን ወለሉ ላይ አስተኝታ ታበራለች፣ ብርሃኑ አግድም ሲሄድ ትንሿ ነገር ረጅም ጥላ ትጥላለች። በዚህ ዘዴ ከሶፋው ስር ያገኘችውን ብነግራችሁ፣ የጠፋ ፑንታ፣ ግማሽ መድፍ፣ የሚስቴ የጆሮ ጌጥ (ይሄ ደስ አሰኝቷል)፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዲት ፑሊ። ደወል የለም። ማግኔት እንዳልጠቀም ነሐስ በማግኔት አይሳብም። የቀረው ቫኪዩም ነው፣ አፉ ላይ ስቶኪንግ ታስርበታለህ፣ የሳበው ነገር ስቶኪንጉ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ስቶኪንጉ አዲስ ነበር አሉ። ይሄን በኋላ ነው የሰማሁት።

አማቴ ስኒያቸውን ይዘው ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰብስበው፣ እኔ በእግራቸው ስር ቫኪዩም እየጎተትኩ፣ "እማማ ትንሽ ከፍ ያድርጉት እግርዎን"፣ "እሺ ልጄ"፣ "ይቅርታ እማማ፣ ወደዚህ ደግሞ"፣ "እሺ ልጄ"። ሁሉንም በትዕግስት። ሊሄዱ ሲነሱ ጫማቸውን ገልብጬ ሶሉን አየሁ። ይሄ ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፣ ሚስቴም ይመስላታል።

ማታውን ስልክ ተደወለ። ሚስቴ ድምፁን ለቀቀችው።

"ሹራቤ ላይ ተሰክታ ያገኘኋት ወርቅ የማናችሁ ናት?"

"ደወሌ!" ብዬ ዘለልኩ።

"ምን ደወል?"

"የመርከብ ደወል ናት እማማ፣ የሰራኋት እኔ ነኝ፣ ውስጧን ይዩት፣ ምላስ ሁሉ አላት!"

ዝም አሉ። ሲያዩዋት ነው። ከዛ ድምፃቸው ተቀየረ፣ ከገቡ ጀምሮ እንደዛ ለስልሰው አልሰማኋቸውም። "ይሄን አንተ ነህ በእጅህ የሰራኸው? ምነው ታዲያ አትነግረኝም? እኔ እኮ ጌጥ መስላኝ አናቷ ላይ ባለችው ቀዳዳ ክር አስገብቼ ጆሮዬ ላይ አድርጌያታለሁ፣ ጎረቤቴም ከየት ገዛሻት ብላኛለች።"

"እማማ፣ መርከቧ ላይ ቦታዋ ተሰርቶ..."

"መርከቧ ትታገስ። በአንድ ጆሮ እስከ መቼ ልሂድ? ጥንዷን መቼ ነው የምታደርስልኝ?"

ሚስቴ ትራስ ነክሳ ትስቃለች። እኔ ምን ልበል፣ "እሺ እማማ፣ በቅርቡ" አልኩ።

"ጎሽ። እና ደሞ" አሉ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ፣ "እዛ እንቁላል እንቁላል የሚሸተው ውሃህ ውስጥ እንዳትነክራት።"