ስክሪንሾቱ የት ገባ?

የምሠራው የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ውስጥ ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር የምለው ነገር ቢኖር «ስክሪንሾት አንስታችሁ ላኩልኝ» ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን በምስል ያዙልኝ ማለቴ ነው። ችግር በቃል ሲነገር ብዙ ጊዜ «አንድ ነገር ወጣና ጠፋ» ከማለት አያልፍም፤ በምስል ሲመጣ ግን የስህተት ቁጥሩ፣ የተከፈተው ገጽና ሰዓቱ አብረው ይመጣሉ።

አንድ ሰሞን የሒሳብ ክፍሉ ሲስተም ሌሊት ሌሊት ያስቸግር ጀመር። የዕለቱ ሒሳብ ሲዘጋ የስህተት መልእክት ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ሲስተሙን የሠሩት ፕሮግራመሮች መልእክቱን ሳያዩ ምንም ማለት እንደማይችሉ ነገሩን፤ እውነታቸውን ነው። የሌሊት ተረኛዋ ባልደረባችን መልእክቱ በወጣ ቁጥር ፕሪንት ስክሪን የሚለውን ቁልፍ እንድትጫን አለቃዋ አዘዛት። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል አደረች፤ በወጣ ቁጥርም ተጫነች።

ጠዋት ስደርስ «ሁሉንም ይዤልሃለሁ» አለችኝ። ወርድ ከፍታ ምስሉን ለመለጠፍ ኮንትሮልና ቪን ስትጫን ግን ምስል የለም። ባዶው ገጽ ላይ አንድ የሒሳብ ቁጥር ቁጭ አለ። ደግማ ተጫነች፤ ያው ቁጥር ከጎኑ ተደገመ። ሥራዋን ከማስረከቧ በፊት የደንበኛ ሒሳብ ቁጥር ኮፒ አድርጋ ነበር።

ኮምፒውተሯ ዊንዶውስ 10 ነው። እዚያ ላይ ፕሪንት ስክሪን ብቻውን ሲጫኑት ፋይል አይፈጥርም፤ ምስሉን ክሊፕቦርድ በሚባለው ጊዜያዊ ማኅደር ያኖረዋል። ክሊፕቦርድ ደግሞ በተለምዶ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፤ አዲሱ ሲገባ የቀድሞው ይወጣል። እያንዳንዱ ስክሪንሾት የፊተኛውን ሲያስወጣ አድሮ፣ የመጨረሻውን ያ ቁጥር አስወጣው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዊንዶውስ ቁልፍን ከቪ ጋር በመጫን የቀደሙትንም ማየት ይቻላል፤ ግን አስቀድሞ ካልበራ አይሠራም። ሞከርነው፤ አልበራም ነበር።

ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። እኔ ግን እሷን የሚያስወቅስ ነገር አላየሁም። ቁልፉ ሲጫኑት ድምፅ አያሰማም፣ ምልክትም አያሳይም። «ተጫኚ» ያላት ሰው የት እንደሚቀመጥ አልነገራትም። የታዘዘችውን በሙሉ ፈጽማለች።

ያንኑ ጠዋት አብረን ተቀመጥንና የዊንዶውስ ቁልፍን ከፕሪንት ስክሪን ጋር አንድ ላይ አስጫንኳት። ስክሪኑ ለቅጽበት ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ፤ መነሳቱን የሚያሳውቀው ይህ ነው። ከዚያ ፒክቸርስ ውስጥ ስክሪንሾትስ የሚለውን ፎልደር ከፈትን፤ ፋይሉ ቁጭ ብሏል። ሌላ አነሳች፤ ሁለት ሆኑ። «አሁን የፈለግሽውን ኮፒ አድርጊ፣ እነዚህን የሚነካቸው የለም» አልኳት። ማክ ለሚጠቀሙት ባልደረቦቻችንም ኮማንድ፣ ሺፍትና 3 ሲጫኑ ምስሉ ዴስክቶፕ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ኮንትሮል ከተጨመረበት ግን ወደ ክሊፕቦርድ ብቻ እንደሚሄድ ነገርናቸው።

መልእክቱ እንደገና ሲወጣ በፋይል ተያዘ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልከው ግን ተጨምቆ ደረሰና የስህተት ቁጥሩ ውስጥ 3 ይሁን 8 መለየት አቃተን። ፒኤንጂ (ጥራት የማይቀንስ የምስል ፋይል ዓይነት) የሆነውን ዋናውን እንደ ፋይል አድርጋ ስትልከው ፊደሉ ጥርት ብሎ መጣ። ፕሮግራመሩን የጠቀመው ግን ከመልእክቱ ይልቅ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ነው። በዚያች ደቂቃ የተመዘገበውን የሰርቨር ሎግ፣ ማለትም የዋናውን ኮምፒውተር የሥራ መዝገብ፣ ሲያይ ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጀው ሥራ) በዚያው ሰዓት እየተነሳ ሒሳቡ የተቀመጠበትን ዳታቤዝ እንደሚይዝበት አገኘ። የባክአፑ ሰዓት ተቀየረ፤ መልእክቱም ቀረ። ሙሉውን ስክሪን አንሱ የምለው ለዚህ ነው፤ የመልእክቱን ሳጥን ብቻ ቆርጦ የሚልክልኝ ሰው ሳያውቀው ሰዓቱን ያስቀርብኛል።

ወደ ውጭ የሚላክ ሲሆን የደንበኛ ስም መሸፈን አለበት። እዚህ ላይ መቁረጥን ብቻ አላምንም። በ2023 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስ የስክሪንሾት መሣሪያዎች ላይ አንድ ጉድለት ተገኝቶ ነበር፦ ምስል ቆርጠው በዚያው ፋይል ላይ ሴቭ ሲያደርጉት፣ የተቆረጠው ክፍል ከፋይሉ መጨረሻ ሳይጠፋ ይቀርና በከፊል መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት አስተካክሎታል፤ ቀድመው የተቆረጡትን ምስሎች ግን ማስተካከያው አይነካቸውም። ስለዚህ ስሙን በድፍን ጥቁር ሸፍነን በአዲስ ፋይል እናስቀምጣለን። በጋራ ፎልደራችን ያሉትን የቆዩ ምስሎችም ባልደረባዬና እኔ ጊዜ ስናገኝ አንድ በአንድ እየከፈትን እንደገና እየሸፈንናቸው ነው።