መሃል ከተማው የሚያስፈልገው ሱቅ

የምኖረው በደብረ ማርቆስ መሃል ከተማ ነው። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ጉዳይ፣ በዚህ ሰፈር ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይትና ሳሙና ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ በቅናሽ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ይኑር የሚለው ምኞቴ ነው። ከአስፋልቱ ዳር የተደረደሩትን ባንኮችና ሆቴሎች ያየ እንግዳ መሃል ከተማ የሚኖረው ሁሉ ባለገንዘብ ይመስለዋል፤ ከእነርሱ ጀርባ ባሉት ግቢዎች የሚኖሩት ግን ጡረተኞች፣ በቀበሌ ቤት ያረጁ እናቶች፣ አንዲት ክፍል ተጋርተው የተከራዩ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ገንዘብ ያነሰው ሰው ለዚያው እህል አብልጦ መክፈሉ ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ አዝመራው ተወቅቶ ገበያው ሲረጋጋ፣ በጥርና በየካቲት ጤፉን በኩንታል ይሸምታል፤ ዘይቱንም በጀሪካን ያስገባል። በዕለት ገቢው የሚያድረው ግን ጤፉን በኪሎ፣ ያውም እህል በሚወደድበት በነሐሴ ይገዛል፤ ዘይቱን በሲኒ፣ በርበሬውን በማንኪያ ያስለካል፤ በእያንዳንዷ ትንሽ ልክ ላይም የቸርቻሪው ትርፍ አብሮ ይሰፈራል። ይህ የሚሆነው ደግሞ የእነማይና የደጀን ጤፍ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባን በሚመግብበት፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ የዘይት ፋብሪካም በቡሬ ባለበት አገር ነው።

ቅናሽ ሱቅ ስል ምጽዋት ወይም ድጎማ ማለቴ አይደለም። በጀርመን አገር፣ በኤሰን ከተማ፣ እናታቸው በ1913 እ.ኤ.አ. የከፈተችውን ትንሽ ሱቅ የተረከቡት የአልብሬክት ወንድማማቾች፣ ኋላ አልዲ ተብሎ የታወቀውን ንግድ ያስፋፉት ጥቂት ዓይነት ሸቀጥ ብቻ በብዛት እየገዙ፣ ለማስታወቂያና ለሱቅ ማሳመሪያ ሊወጣ የሚችለውን ገንዘብ ከዋጋው ላይ እየቀነሱ፣ ዕቃውንም ከነካርቶኑ ለሽያጭ እያቀረቡ ነበር። አሥር ዓይነት ሳሙና የሚደረድር ሱቅ ከእያንዳንዱ ጥቂት ስለሚገዛ ከአከፋፋዩ ጋር በዋጋ ለመከራከር ጉልበት አይኖረውም፤ አንድ ዓይነት ብቻ የሚይዝ ግን በመኪና ሙሉ ገዝቶ ያስቀንሳል። ይህ አሠራር እዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ነው። ስኳር ወይም ዘይት ገባ ሲባል ሰልፍ ይረዝማል፤ ያ ካለቀ በኋላ ግን መደርደሪያው ባዶውን ይሰነብታል፤ ደሃ ደግሞ የሚበላው በየቀኑ ነው። የእሑድ ገበያም ቢሆን ዋጋው ደግ ሆኖ ሳለ፣ ጉልበት ላነሳቸው አረጋውያን የተቀነሰውን ብር የባጃጅ ሒሳብ መልሶ ይወስደዋል።

የሰፈራችን ባለሱቆች እንዲጎዱም አልሻም። ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ የሚሰጡን፣ ልጅ ሲላክ ሳያታልሉ የሚመዝኑት እነርሱ ናቸው፤ ቅናሽ ሱቅ ዱቤ ልስጥ ቢል ቅናሹ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ አዲሱ ሱቅ ዋና ዋናውን አስቤዛ ብቻ ቢይዝ፣ ለእነዚህ ባለሱቆችም በጅምላ ዋጋ ቢያካፍል፣ ሁለቱም ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ ብዬ አምናለሁ።

አስቸጋሪው የቤት ኪራይ ነው። በመሃል ከተማ የግል ቤት ተከራይቶ በርካሽ መሸጥ አይቻልም። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር ያልበለጠው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገብተው ነበር፤ እንደነዚህ ካሉት የንግድ ቤቶች አንዷ ለዚህ ሥራ ብትሰጥ ትልቁ ወጪ ይቀላል። በሸማቾች ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱ አባል፣ የገዛው የአክሲዮን ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም፣ አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው፣ ሐሳቡን በሚቀጥለው ስብሰባ ለማቅረብ በጽሑፍ እያዘጋጀሁት ነው።

ከኪራዩ ቀጥሎ የምጽፈው ስለ ሰዓቱ ነው። የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን የሚቀበለው አመሻሽ ላይ፣ የማኅበሩ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ፣ አዲሱ ሱቅ ቢያንስ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት እንዲሆን እጠይቃለሁ።