መስታወቱ ፊት ለፊቱ ምን አለ?

ደንበኛችን ሲኤምሲ አካባቢ ቪላ እያስጨረሱ ነበር። ቤቱ ጂፕሰም ላይ ደርሷል። ሳሎኑን "የፈረንሳይ ስታይል አድርጉልኝ" አሉን። በእኛ የቤት ውስጥ ዲዛይን ሥራ ይህ ጥያቄ ብርቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ወርቃማ ቀለም፣ የጂፕሰም አበባና ግዙፍ ሻንዴሌር ማለት ነው። እሳቸው ግን "በፎቶ አይሆንም፣ ሄደን እንየው" ብለው አለቃዬንና እኔን ይዘውን ፓሪስ ሄዱ። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

እኔ መጀመሪያ ፓሪስ አጠገብ ያለችው ፖዋሲ ሄደን ቪላ ሳቯን እንድናይ ለመንኩ። አርክቴክቶቹ ለ ኮርቡዚዬና ፒዬር ዣንሬ እ.ኤ.አ. በ1931 የጨረሱት ቤት ነው። በዚያ ረጅም አግድም መስኮት ብርሃን እንዴት እንደሚገባ እንዲያዩልኝ ነበር። "ነጭ ሳጥን ለማየት አልመጣሁም" አሉ። የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ቬርሳይ ሄድን።

የመስታወት አዳራሹ ስንደርስ ሰው ግጥም ብሏል። ርዝመቱ 73 ሜትር ነው። ደንበኛችን መሃሉ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ።

"ይኸው! ይሄን ነው የምፈልገው። ያንን የሳሎኔን ረጅም ግድግዳ በመስታወት ሙሉልኝ።"

"ጋሼ፣ መስታወቱን ትተው ፊት ለፊቱን ይዩልኝ" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"መስኮቶቹን። 17 ናቸው። መስታወቶቹም 17 ቅስት ላይ ነው የተደረደሩት፣ በየመስኮቱ ትይዩ። እንዲህ የሚያበሩት አትክልት ስፍራውን ስለሚያዩ ነው። ፀሐይም የምትጠልቀው በዚያ በኩል ነው።"

"እና?"

"የእርስዎ ረጅሙ ግድግዳ የሚያየው የጎረቤትን ጓሮ ነዋ።"

ዝም አሉ። እያሰቡበት ነበር፣ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ይሄኔ አለቃዬ ጣልቃ ገባ። "ደንበኛ ያለውን ጻፊ። ትንታኔውን ለትምህርት ቤት ተዪው" አለኝ። እሳቸው ፊት።

ያ ንግግር ዛሬም ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል። ያንን ሁሉ መንገድ የሄድነው ለዚህ ትንታኔ አልነበረም ወይ? መስታወትማ መርካቶም ሞልቷል። ፈረንሳይ ድረስ የሚያስኬደው መስታወቱ ለምን እዚያ ቦታ እንደተሰቀለ ማየት ነው። ያረፍንበት አሮጌ አፓርታማ እንኳ ይህንኑ ያስተምር ነበር። ከእሳት ምድጃው በላይ ትልቅ መስታወት አለ፤ የመንገዱን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ጨለማው ጥግ ይመልሳል። የክፍሎቹ በሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ሲከፈቱ ብርሃኑ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። እኔ ቁጭ ብዬ ያንን ስስል ነው ያመሸሁት።

አዲስ አበባ ተመልሰን መስታወቱን በአጭሩ ግድግዳ ላይ፣ ከአትክልቱ መስኮት ትይዩ አድርጌ ነደፍኩ። አለቃዬ አልተቀበለውም። ረጅሙን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መስታወት አድርጎ ሬንደር፣ ማለትም ያለቀውን ክፍል የሚያሳይ የኮምፒውተር ምስል፣ አሠራ። ሬንደር ላይ ደግሞ ከመስኮቱ ውጪ ሰማያዊ ሰማይና ዛፍ ይለጠፋል። የማን ሰማይ እንደሆነ አይጠየቅም። ደንበኛችን በጣም ወደዱት፤ መስታወቱ ታዘዘ።

ሊለጠፍ ሲል ሳይት ላይ ነበርኩ። ደንበኛችንም ከባለቤታቸው ጋር መጡ። የመስታወት ሠራተኞቹን "ሙጫ ሳትቀቡ አንዱን ሉህ ብቻ ደግፋችሁ አቁሙልኝ" አልኳቸው። አቆሙት። የጎረቤት ሮቶ፣ የዛገ ቆርቆሮና የመብራት ሽቦ ሳሎኑ ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ።

"ውይ በሞትኩት! ይሄ ሮቶ እኛ ቤት ምን ያደርጋል?" አሉ እትዬ።

ጋሼ ብዙ ቆይተው "አውርዱት" አሉ። ከዚያ ራሳቸው ወደ አጭሩ ግድግዳ ሄዱና "እዚህ ጋ አምጡት እስቲ" አሉ። ኮባውና ቡጌንቪሊያው መስታወቱን ሞሉት። "ቬርሳይ ላይ ያልሽኝ ይሄን ነበር?" አሉኝ። "አዎ ጋሼ" አልኩ።

የታዘዘውን ትልቅ ሉህ አስቆርጠን በትናንሽ ገጽ በእንጨት ከፋፈልነው። ይህም ከዚያው አዳራሽ የመጣ ነው። አዳራሹ እ.ኤ.አ. ከ1678 እስከ 1684 ሲሠራ፣ ያኔ በነበረው አሠራር ትልልቅ ሉህ ማውጣት አይቻልም ነበር። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅስት 21 መስታወት ገጣጥመው በድምሩ 357 አደረጉት። በዘመኑ በመስታወት የታወቀችው ቬኒስ ነበረች። ፈረንሳይ የቬኒስን ባለሙያዎች አስኮብልላ እ.ኤ.አ. በ1665 የራሷን የንጉሥ ፋብሪካ አቋቋመች። የዛሬው የመስታወትና የግንባታ ዕቃ ኩባንያ ሴን ጎቤን የዚያ ፋብሪካ ልጅ ነው። ለእኛ ሥራ ደግሞ የተከፈለ መስታወት ሌላ ጥቅም አለው። ቢሰበር የሚቀየረው አንዱ ብቻ ነው።

አሁን መስታወት ያለበት ሥራ ሲመጣ ከሬንደር በፊት ሳይት ሄጄ አንድ ሉህ አስቆማለሁ። ወሬ ሳላበዛ ደንበኛው ራሱ እንዲያይ አደርጋለሁ። ግን ማውራቱንም አልተውኩም። ያኔ ቬርሳይ ላይ ባልናገር ጋሼ ሳይት ላይ ቆመው ያንን ጥያቄ አይጠይቁኝም ነበር።

አለቃዬ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "መስታወት ሁልጊዜ መስኮት ይፈልጋል፤ ቬርሳይ ላይ ለደንበኛችን ይህንን አስረድተን ነበር" እያለ ይተርካል። የዚያ ሳሎን የንድፍ ሥዕል ጥግ ላይ "ነዳፊ" በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለው ስም የእሱ ነው። የእኔም ስም እንዲገባ ጠየቅኩት። "የቢሮ ሥራ ነው" አለኝ። የቢሮ ሥራ ከሆነ የእሱስ ስም ለምን ገባ? ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። የሚቀጥለውን ንድፍ ግን ስሜ ሳይኖርበት አላስረክብም።