ንድፉ ያልነገረኝ ነገር

ዛሬ ማታ ፈዙ፣ የጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው ኢፌክት፣ በትክክል ጮኸ። ለሳምንታት ብሬድቦርድ (ክፍሎች ሳይበየዱ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ተሰክቶ የከረመው ሰርኪዩት፣ ወፍራሙን ክር ስመታው እንደ ወትሮው ተቆራርጦ ከመጥፋት ይልቅ ድምፁን አጥብቆ ይዞ ቀስ በቀስ እስኪከስም ድረስ አቆየው። እኔም ጊታሩን እንደታቀፍኩ ያችኑ አንድ ኖታ እየደጋገምኩ ሳዳምጥ አመሸሁ። ደስታው ሳይበርድ እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

የጀመርኩት ከፈዝ አልነበረም። የታተሙ የጊታር ኢፌክት ንድፎችን ማንበብ የጀመርኩ ሰሞን የመረጥኩት በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ያወጣውን ኤልፒቢ-1 የተባለ ማጉያ ነበር፤ አንድ ትራንዚስተር (ምልክትን የሚያጎላ ባለሦስት እግር ክፍል)፣ አራት ሬዚስተሮች (ከረንትን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን፣ የሚገድቡ)፣ ሁለት ካፓሲተሮችና አንድ ፖቴንሺዮሜትር (የሚዞር ማስተካከያ) ብቻ ስላሉት ለጀማሪ አይከብድም ብዬ ነው። ሆኖም ገና ወረቀቱን ሳየው ግራ ተጋባሁ። የግራውንድ (የሰርኪዩቱ የጋራ መመለሻ) ምልክቱ በንድፉ ላይ በየቦታው ተበትኖ ስላየሁት እያንዳንዱ የተለየ ቦታ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ ሁሉም ከአንድ ሽቦ ጋር የሚገናኙ መሆናቸውን፣ ሠዓሊው ወረቀቱ በመስመር እንዳይጨናነቅ ብቻ ለያይቶ እንዳስቀመጣቸው የተረዳሁት ሁለት ምሽት ከባከነ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ያጋጠመኝ ስሕተት የበለጠ አስተምሮኛል። በንድፉ ላይ የተጻፈው ትራንዚስተር 2ኤን5088 ሲሆን እኔ ዘንድ የነበረው ቢሲ549 ነበር፤ ሁለቱም ዝቅተኛ ጫጫታ ያላቸው የአንድ ዓይነት ትራንዚስተሮች ስለሆኑ አንዱን በሌላው ተካሁት። ድምፅ ወጣ፤ ነገር ግን ደካማና የተበላሸ ነበር። ሁለቱ ትራንዚስተሮች በአካል ፍጹም ቢመሳሰሉም ሦስቱ እግሮቻቸው (ኢሚተር፣ ተቆጣጣሪው ቤዝና ኮሌክተር) የተደረደሩት በተቃራኒ ነው፤ ጠፍጣፋ ፊታቸውን ወደ እኛ ስናዞር የአንዱ ግራ እግር ኢሚተር፣ የሌላው ግራ እግር ደግሞ ኮሌክተር ነው። እኔ ትራንዚስተሩን ገልብጬ አስገብቼው ነበር፤ የተገለበጠ ትራንዚስተር ደግሞ ጨርሶ ዝም አይልም፣ በጣም ዝቅ ባለ ጌይን (የማጉላት አቅም) ይሠራል። ፈጽሞ ዝም ቢል ኖሮ ጥፋቱን ቶሎ በፈለግሁ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ የየትኛውንም ክፍል እግሮች አቀማመጥ ሳላረጋግጥ መበየጃውን አላሞቅም።

ያን ካስተካከልኩ በኋላ ቁጥሮቹን መጠየቅ ጀመርኩ። ቤዙን የያዙት የ430 እና የ43 ኪሎ ኦህም ሬዚስተሮች የባትሪውን 9 ቮልት ይከፋፍሉና ቤዙ ላይ 0.8 ቮልት ገደማ ያስቀምጣሉ። ከዚህ ላይ የትራንዚስተሩን 0.6 ቮልት ስንቀንስ ኢሚተሩ ላይ ወደ 0.2 ቮልት ይቀራል፤ ይህም ኢሚተሩ ላይ ባለው የ390 ኦህም ሬዚስተር ውስጥ ግማሽ ሚሊአምፔር ያህል ያሳልፋል። የኮሌክተሩ 10 ኪሎ ኦህም ለ390 ሲካፈል ደግሞ ማጉያው ምልክቱን በግምት 25 ጊዜ እንደሚያጎላው ይገለጻል። ይህን በወረቀት አስልቼ በመልቲሜትር ስለካው ቁጥሮቹ ተቀራርበው በመገኘታቸው የተሰማኝን መደነቅ አሁንም አልረሳውም፤ ንድፉ የሚቀዳ ሥዕል ብቻ መሆኑ ያበቃልኝ ያኔ ነው።

በዚህ ድፍረት ተነሥቼ ነው ወደ ፈዝ ፌስ የተሻገርኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ አርቢተር ያወጣው፣ ጂሚ ሄንድሪክስ ስሙን ያስጠራው ፔዳል ነው። ሁለት ትራንዚስተሮች ብቻ አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ፔዳሎች ትራንዚስተሮች የጀርማኒየም ነበሩና እኔም ከጀርማኒየም መሥራት ፈለግሁ። በንድፉ ላይ ያለውን ሬዚስተር ሁሉ በትክክል አስገባሁ፣ ሽቦዎቹን ሦስት ጊዜ ቈጠርኩ፤ ድምፁ ግን እየተቆራረጠ ይታፈን ነበር። የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር በ4.5 ቮልት አካባቢ መዋል ሲገባው ከ7 ቮልት በላይ ይነበባል።

ምክንያቱ ጀርማኒየም ማፍሰሱ ነው። ቤዙ ምንም ሳይሰጠው እንኳ ከኮሌክተር ወደ ኢሚተር ከረንት ያልፋል፤ ተራ መለኪያም ይህን ፍሳሽ ከጌይን ጋር ደምሮ ያነባል። ለመለየት በተለመደው ዘዴ ተጠቀምኩ፦ በ9 ቮልት ላይ በኮሌክተሩ በኩል የ2,472 ኦህም ሬዚስተር አድርጎ፣ ቤዙ ባዶ ሆኖ በዚያ ሬዚስተር ላይ የሚታየውን ቮልቴጅ መጻፍ፣ ከዚያ ቤዙን በ2.2 ሜጋ ኦህም አገናኝቶ እንደገና ማንበብ ነው። ቤዙ ውስጥ የሚገባው 4 ማይክሮአምፔር ገደማ ስለሆነ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት 1 ቮልት ከሆነ ጌይኑ 100 ነው። በመጀመሪያው ቦታ ያስቀመጥኩት ትራንዚስተር 1.5 ቮልት አነበበ፤ 150 ነው ብዬ የኮራሁበት እሱ ነበር። ከዚያ ውስጥ 0.6 ቮልቱ ፍሳሽ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው ጌይን 90 ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በራሱ መጥፎ አልነበረም።

ጥፋቱ ቦታው ላይ ነበር። የ0.6 ቮልቱ ፍሳሽ ወደ ሩብ ሚሊአምፔር ይጠጋል፤ በመጀመሪያው ደረጃ 33 ኪሎ ኦህም ውስጥ የሚያልፈው ጠቅላላ ከረንት ደግሞ ያው ሩብ ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ ፍሳሹ ብቻውን ቦታውን ሞልቶት ቤዙ የሚቆጣጠረው ነገር አልተረፈውም ነበር። ሁለተኛው ትራንዚስተር ጌይኑ 80 ብቻ ቢሆንም ፍሳሹ 0.15 ቮልት ነበርና ሁለቱን አቀያየርኳቸው፤ ኮሌክተሩም ወዲያው ወደ 5.5 ቮልት ወረደ። በመጨረሻ በሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር በኩል ያለውን የ8.2 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር በካቻቢቴ በሚዞር ተለዋዋጭ ሬዚስተር ተክቼ ቀስ እያልኩ አዞርኩት፤ 11 ኪሎ ኦህም አካባቢ ስደርስ መለኪያው 4.5 አሳየኝ፣ ድምፁም መጣ።

በንድፉ ላይ የተጻፈው 8.2 ስሕተት አይደለም፤ ከእኔ እጅ ውስጥ ካሉት ትራንዚስተሮች ጋር ያልተዋወቀ ቁጥር ነው። እነዚህን ሁለቱን ማንም ንድፍ አውጪ አያውቃቸውም፤ እኔ ግን አሁን አውቃቸዋለሁ።

ሳጥኑን ገና አልዘጋሁትም። ከመነሣቴ በፊት የመጀመሪያውን ትራንዚስተር በሁለት ጣቶቼ ይዤ ሳሞቀው ንባቡ ከ4.5 ፈቀቅ ማለት ጀመረ፣ ስለቀው ደግሞ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ነገ ማለዳ ክፍሉ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት እንደገና እለካዋለሁ፤ ተለዋዋጩን ሬዚስተር በቋሚ የምለውጠው ከዚያ በኋላ ነው።