የሮዛ ፓርክስን ታሪክ ለልጆች ከወንበሮቹ ጀምሩላቸው

ሮዛ ፓርክስ በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረች ጥቁር ሴት ናት። «ደክሟት ስለነበር አልነሳም አለች» ብሎ ማስተማር ሴትዮዋን ያሳንሳታል፤ ልጆቹንም ያሳስታል። በ1955 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የ42 ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ገና በ1943 ግን ለጥቁሮች መብት የሚታገለው የኤንኤኤሲፒ ማኅበር የሞንትጎመሪ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና ነበር።

እኔ የአውቶቡሱን የወንበር ደንብ ማስቀደም እመርጣለሁ። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ 36 ሳጥን አስሏቸው፤ የአውቶቡሱ ወንበሮች ናቸው። የፊቶቹ 10 ለነጮች ብቻ፤ ባዶ ቢሆኑም ጥቁር አይቀመጥባቸውም። የኋላዎቹ 10 የጥቁሮች። መሀል ባሉት 16 ጥቁር የሚቀመጠው ነጭ እስኪመጣ ድረስ ነው። ተሳፋሪዎቹን በባቄላ ፍሬ ያስቀምጧቸው። ዲሴምበር 1 ቀን የፊቶቹ ሞልተው አንድ ነጭ ቆሟል፤ ሾፌሩ ግን ፓርክስ ያለችበት ረድፍ ላይ አራቱም እንዲነሱ አዘዘ። «ለአንድ ሰው አራት ሰው ለምን ይነሳል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። መልሱን አትቅደሟቸው፤ ጥቁር ከነጭ ጋር በአንድ ረድፍ እንዳይቀመጥ መሆኑን ራሳቸው ይድረሱበት።

ልጆቹን ራሳቸውን ግን «ነጭ» እና «ጥቁር» አድርጋችሁ አታጫውቱ። ዓይን ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ባሉት አንድ ሁለት ጥቁር ልጆች ላይ ያርፋል፤ ትንንሾቹም ጨዋታውን ይዘውት ወደ ሜዳ ይወጣሉ።

ቀጥሎ፣ ከእስሯ በኋላ የከተማዋ ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ያደረጉት፣ 381 ቀን የቆየው አድማ። ሒሳብም አለበት፦ ታሪፉ 10 ሳንቲም ነበር፤ 30 ሺህ ሰው ደርሶ መልሱን ቢተው ኩባንያው በቀን 6,000 ዶላር ያጣል። ሰዉ በእግሩ ሄደ፤ 300 ያህል መኪኖችም ያመላልሱ ነበር። ጆርጂያ ጊልሞር ከሌሎች ሴቶች ጋር ምግብና ኬክ እየሸጠች ለአድማው ገንዘብ አሰባሰበች። እሷን አትዝለሏት፤ ትግል የመሪዎች ንግግር ብቻ አለመሆኑን ልጆች የሚያዩት በእሷ ነው።

አሜሪካ ካለነው ሐበሾች መካከል «ይሄ የእነሱ ታሪክ ነው» የሚል ወላጅ አይጠፋም። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮችን በጠባብ ኮታ ያገደውን አሠራር የሻረው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የወጣው በዚሁ የመብት ትግል ዘመን ነው።

ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ክላውዴት ኮልቪንን ጨምሩ። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ ማርች 2 ቀን 1955 በተመሳሳይ ምክንያት ታሰረች። በአውቶቡስ ላይ ዘር መለየትን ያስቆመው የብራውደር ክስ ላይ ከከሳሾቹ አንዷ እሷ ናት፤ ፓርክስ የለችበትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ያጸናው ኖቬምበር 13 ቀን 1956 ሲሆን፣ አድማው ያበቃው ግን ትእዛዙ ሞንትጎመሪ ሲደርስ፣ ዲሴምበር 20 ነው። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉና «ያሸነፈው አድማው ነው ወይስ ክሱ?» ብላችሁ አከራክሩ፤ ቀን ያልጠቀሰ መከራከሪያ አትቀበሉ።